ተቀበል!

የአዝማሪ ቤት ትልቁ ችግር ሰው ደስ ብሎት መውጣቱ ነው። ጠጁን ጠጥቶ፣ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ስሙ በመሰንቆ ሲጠራ ሰምቶ የወጣውን ሰው በር ላይ ያዙና «ዛሬ ምን ጨበጥክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይስቃል። ወይም «የእናቴ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» ብሎ ዓይኑን ይጠራርጋል። ግማሽ ሌሊት ተቀምጦ አንድ አቅጣጫ፣ አንድ የጋራ መግባባት፣ አንድ ቀጣይ የትኩረት መስክ ይዞ አልወጣም። ያን ያህል ሰዓት በስብሰባ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ቢያንስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይወጣል።

ይህ ነገር መታረም አለበት የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ኪነ ጥበብ ማሳመን አለበት። ማስለቀስማ ሽንኩርትም ያስለቅሳል። ደግሞም ሕዝባችን ከማናችንም ቀድሞ ይህን ተረድቷል። ፊልም ተመርቆ ታዳሚው ሲወጣ ማይክ ይደቀንበታል፤ እሱም ሳያመነታ «በጣም አስተማሪ ነው» ይላል። ሳቅሁ፣ ፈራሁ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ የሚል አይገኝም። ለመዝናናት ከፍሎ ገብቶ «ተምሬ ወጣሁ» የሚል ተመልካች ያለበት አገር፣ ትምህርት ቤቶቹ ቢዘጉ እንኳ አያሳስበውም።

የአዝማሪው ጣጣ ከመሣሪያው ይጀምራል። መሰንቆ ያለው አውታር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ። በአንድ አውታር «በአንድ በኩል» ማለት ይቻላል። «በሌላ በኩል» ለማለት ግን የሚበቃ ነገር የለም። ሚዛናዊ ትንታኔ ከዚህ መሣሪያ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አሠራሩም ከመሣሪያው የባሰ ነው። አዝማሪው ገና ሳይጀምር በየጠረጴዛው ዞር ዞር ይልና ከእንግዳው ጓደኛ ጆሮ ጠጋ ይላል። ስሙ ማን ነው? አገሩ የት ነው? ሰሞኑን ምን አገኘው? ጓደኛውም «እህቱ ቤይሩት ናት፤ ስልኳ ካልተነሳ ቆየ» ይለዋል። ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ዘፈን ካለፈ በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ድንገት ይቆምና ስለ ስደት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ሻንጣዋን እስከ በሩ ማን እንደያዘላት ይጠይቃል። ይኸው ነው። ጥያቄውን ጣል አድርጎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። ሰውየው ብርሌውን አስቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

እስቲ ይህን አሠራር መርምሩት። የስደተኛው ቁጥር አልተጠቀሰም። መንስኤና መፍትሔ አልተተነተነም። የደላሎች ሚና አልተዳሰሰም። ሰውየው የሚያምንበት ነገር አልቀረበለትም፤ እሱም ምንም አላመነም። እህቱን አየ፣ በቃ። በማግስቱ ከሥራ ቀርቶ ወደ ላካት ኤጀንሲ ሲመላለስ ውሎ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ በዕቅዱ ያልተያዘ ስለሆነ ውጤት ተብሎ አይመዘገብም።

ደግነቱ፣ ባህላችን ለዚህ በሽታ መድኃኒቱን ቀድሞ አዘጋጅቶለታል። እንግዳው እጁን ያነሳና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው መሰንቆውን ለዘብ አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል። እንግዳው ግጥሙን ይነግረዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል። ቃሉ የከፋዩ ነው፣ ድምፁ የአዝማሪው። ሁለት ጠረጴዛዎች ሲናቆሩ አዝማሪው የአንዱን ስድብ ለሌላው ያደርሳል፤ መልሱን ይዞ ይመለሳል፤ ከሁለቱም ይሸለማል። ስድቡ ቢከብድ አይጠየቅም፤ የተቀበለውን ነው ያለው። ከዚህ የተሻለ የአስተዳደር ሥርዓት ማን ፈጠረ?

ሥርዓቱ በምልዓት ሲሠራ ማየት የፈለገ፣ ትልልቅ እንግዶች የሚመጡበትን ምሽት ይምረጥ። ስሙን በማልጠራው ቤት አንድ ምሽት ወንበሩ ሁሉ ተነስቶ የተቀበለው እንግዳ ገባ። ጠጁ ተቀዳ። እጁን አነሳ። «ተቀበል!» አለ። «የተቀናጀ ርብርብ በማድረግ!» አዝማሪው ተቀበለ። «ባለድርሻ አካላትን ባሳተፈ መልኩ!» ይህንንም ተቀበለ፤ መሰንቆዋ እዚህ ላይ ትንሽ አነቃት እንጂ። ቤት ያልመታ ግጥም ደግሞ ለአዝማሪ በጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው፤ ስለዚህ «በማድረግ» ለሚለው «ማዕረግ» የሚል ቃል ከራሱ አምጥቶ ቤት አስመታለት። እንግዳው ቃሏን ወደዳት። ደጋግመህ በላት አለው።

ከዚያ ሙዚቃው ቁም ተባለ፤ ንግግር ተጀመረ። አዝማሪው መሰንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ንግግሩ በሦስት ነጥቦች ዙሪያ ያተኮረ ነበር፤ ሦስተኛው በራሱ አምስት ንዑሳን ነጥቦች ነበሩት። አስተናጋጆቹ ቆመው አንቀላፉ። ሲያበቃ «በል እንግዲህ፣ አንተም ምስጋናህን አሰማ» ተባለና አዝማሪው ተነሳ፦

ጌታዬ ሌሊቱን፣ መክሮ ቢያባባኝ፣
ይህ ሁሉ ንግግር፣ ለኔማ መች ገባኝ!

እንግዳው በትሕትናው ልቡ ተነካ። «ኧረ ይገባሃል!» አለና 200 ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ለምን በሳቅ እንደፈረሰ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

እኛ የማሳመን ወገኖች ታላቅ አባት አለን፤ ፕላቶ ነው። «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ባለቅኔዎችን ከከተማው አስወጥቷል፤ ስሜትን እያጠጡ ያሳድጋሉ፣ አእምሮን ያደክማሉ ብሎ። ጨካኝ ግን አልነበረም፤ ሁለት ዓይነት ግጥም ፈቅዷል። አንዱ ለአማልክት የሚቀርብ መዝሙር ነው፣ ሌላው የደጋግ ሰዎች ውዳሴ። ደጋጎቹን የሚመርጠው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የረባሽ ተማሪ ጠባይ ነው፤ መልሱ ግልጽ ስለሆነ አንነካውም። እርግጥ ያው ፕላቶ መጽሐፉን የዘጋው በክርክር አይደለም። በጦር ሜዳ ሞቶ፣ በ12ኛው ቀን ሊቃጠል እንጨት ላይ እንደተጋደመ ነፍስ ዘርቶ ስለ ሰማይ ቤት የተረከ ወታደር ታሪክ ነግሮን ነው። ባለቅኔዎቹን ካስወጣ በኋላ ወንበራቸው ላይ ራሱ ተቀመጠ። ተማሪው አርስቶትል ደግሞ ነገሩን አበላሸው፤ ሰው የሚያምነው በተናጋሪው ጠባይ፣ በሰሚው ስሜትና በነገሩ ማስረጃ ነው ብሎ ስሜትን ከማሳመን እኩል ማዕድ አስቀመጠ። ይህን ክፍል በሥልጠናዎቻችን ላይ ዘለነዋል።

አዝማሪን ከልቡ ያከበረ ገዥ ስፈልግ ያገኘሁት በጣሊያን ወረራ ዘመን የገዛንን ግራዚያኒን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ በነበሩት ሳምንታት አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲገደሉ አዟል። ይህ ሰው አውሮፕላን ነበረው፣ መርዝ ጋዝ ነበረው። አገዛዙ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም ያሳትም ነበር፤ የሥልጣኔን ጥቅም በአማርኛ ያስረዳ ነበር። ማስረጃው፣ ማተሚያ ቤቱና መትረየሱ በእጁ ያለ ሰው ባለ አንድ አውታር መንገደኛ ምን ያስፈራዋል? ያንን ሲያስብ ነው መሰል እንቅልፍ ያጣው። ዛሬ ግን ሠልጥነናል። አዝማሪ አይገደልም፤ ሥልጠና ተሰጥቶት አበል ይከፈለዋል።

ይህን ስል ስሜት ከነአካቴው ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ስሜት ሲያስፈልግ ያስፈልጋል። አዝማሪ ድሮም ከጦር ጋር ይዘምት ነበር፤ ፉከራና ሽለላ ያልተደረገበት ዘመቻ የት አለ? ወጣቱን ለዘመቻ ሲፈልጉት ማንም ሰነድ አላስነበበውም፤ የጦርነቱን አዋጭነት በሠንጠረዥ አላሳየውም። ከበሮ ተመታ፣ «ዘራፍ» ተባለ፣ ደሙ ፈላ፣ ሄደ። ስሜት ቦታውን አውቆ ሲሠራ እንዲህ ያምራል። ነገሩ የሚበላሸው በኋላ፣ የልጁ እናት አልቃሽ ስትፈልግ ነው። ያን ጊዜ ነገሩን ከስሜት ወጥቶ በሰከነ አእምሮ ማየት እንደሚገባ ይነገራታል።

ስለ አልቃሽ ካነሳሁ አይቀር፣ እሷም ከአዝማሪው የማትሻል ናት። ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ግማሹ ለይሉኝታ ነው የመጣው፤ ሟቹም ኑሮውን ሙሉ እጁ ያልተፈታ ሰው ነበር እንበል። የሟቹ ወንድም ተነስቶ የሕይወት ታሪኩን ያነብባል፤ ለጋስ ነበር፣ አገሩን ይወድ ነበር፣ በሥራው ምስጉን ነበር ይላል። ሰው ሰዓቱን ያያል። አልቃሿ ተነሳችና ስለ ልግስናው አንዲት ቃል ሳትል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጋቢ እያየች «ይህን ማን ያወርደዋል?» ትላለች። ቤቱ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ሟቹን የማያውቁት፣ የሚያውቁትና አበድሮ ያስለቀሳቸው ሁሉ ያለቅሳሉ። የተነበበው ወረቀት ውስጥ የነበረው ውሸት ሁሉ ከንቱ ቀረ፤ እሷ አንድም አልዋሸችም። ጋቢው ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ የለም። በእኔ ዕቅድ ወደፊት አልቃሽ ከጋቢ በፊት የሟቹን ልግስና የሚያስረዳ ደጋፊ ሰነድ ታቀርባለች።

የማሳመንን ኃይል የሚጠራጠር ሰው ካለ ወደ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ልምራው፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ስሜትም ማሳመንም ተፈትኗልና። ሩሲያ የመድፍ ትምህርት የተማሩት እኚህ ሰው ከላፎንቴን ተረቶች ተነስተው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን፣ በአገራችን የመጀመሪያው የሚባለውን ተውኔት ጻፉ። በመድረኩ ላይ ያሉት አውሬዎች ናቸው። የማንም ስም አልተጠራም፣ ማንም ይህን አድርግ አልተባለም፣ መፍትሔም አልተጠቆመም። ታዲያ ምን ተፈጠረ? በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አውሬ ስለ አውሬ ቢያወራ ቤተ መንግሥት ምን አገባው የሚል የለም፤ ሁሉም ፊቱን አይቶበታል።

ሰውየው ከዚያ አደጉ፤ ወደ ማሳመን ተሻገሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ይህኛው አልታገደም፤ በክብር ታወጀ። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያም በዠኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የኢትዮጵያ ልዑክ ሆነው ቆሙ። ውል ነበራቸው፣ ሰነድ ነበራቸው፣ ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነበር። ማሳመንስ እንዲህ ነው፤ ማኅበሩ አመነ። ጣሊያን ወራሪ ናት ብሎ ፈረደ፤ ማዕቀብም ጣለ። ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚያ ባልተከለከለ ነዳጅ የተንቀሳቀሰው የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚህ ወዲያ የማሳመን ድል ምን አለ? ያመኑት ሁሉ አምነው ተቀመጡ። ምንም ያላሳመነው የአውሬዎች ጨዋታ ደግሞ ቤተ መንግሥት አስደነገጠ።

በደርግ ዘመን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ሲቋቋም ነገሩ ፈር የያዘ መስሎን ነበር። ንድፈ ሐሳቡ በእስክስታ ተወረደ፤ የመደብ ትግል በከበሮ ተመታ። ዛሬ በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ዜማውን እያንጎራጎረ ይገኛል፤ ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቁት ትከሻውን ይነቀንቃል። ቃሉ ወደቀ፣ ዜማው ቀረ። ይህ አሳፋሪ ብክነት ነው፤ ያ ሁሉ መልእክት ተከፍሎበት ነበር።

የዛሬዎቹ ደራስያን ግን ተስፋ ይሰጣሉ። መጀመሪያ መልእክቱን ይጽፋሉ፤ ከዚያ መልእክቱን የሚሸከም ሰው ያፈላልጋሉ። ስለዚህ በተከታታይ ድራማዎቻችን ውስጥ ክፉውን ለማወቅ መቸገር ቀርቷል፤ ውስኪ የሚጠጣው እሱ ነው። ደጉ ደግሞ ቡና እየጠጣ እንደ ዜና አንባቢ ይናገራል። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ አንዱ ሌላውን አያቋርጥም፤ መልእክቱ ሳይጠናቀቅ መቆጣት ነውር ነው። በመሀል ማስታወቂያ ይገባና ያው ደግ ሰው በዚያው ድምፅ አፓርታማ ይሸጥልናል። ሁለቱንም እኩል እናምነዋለን።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በየአዝማሪ ቤቱ በር ላይ ቅጽ ይቀመጥ። እንግዳው ሲገባ ግንዛቤው ይለካ፤ ሲወጣም ይለካ። ልዩነቱ ለአዝማሪው ደመወዝ መነሻ ይሁን። ያለቀሰ ሰው ምክንያቱን በሦስት መስመር ይግለጽ፤ ምክንያት የሌለው እንባ በሪፖርት አይያዝ። አዝማሪዎቹም ይሰብሰቡና ስለ ቅጹ ይወያዩበት። እንዲያውም ተሰብስበው ነበር አሉ። ውይይቱ ሲያልቅ አስተያየት ያለው ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ዝም አለ። አንድ ሸምገል ያለ ብቻ ከኋላ መሰንቆውን ነካ ነካ አደረገና፦

እጅ ዘርግተን መጣን፣ ያስጨብጡናል ብለን፤
ጭብጥ የለሽ ወሬ፣ ባዶ እጅ አዋለን።

ሰብሳቢዎቹ ቅሬታው የውሎ አበልን የሚመለከት መስሏቸው ወዲያውኑ እንዲከፈለው ወሰኑ። በቃለ ጉባኤውም ላይ «ተሳታፊዎች ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ተቀብለዋል» ተብሎ ተጽፏል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን አንብበህ ቅር ያለህ ነገር ካለ አቤቱታህን በአዝማሪው ላይ አታቅርብ፤ እሱ የተነገረውን ነው የመለሰው። «ተቀበል!» ያለውን ሰው ፈልገህ ጠይቅ። አድራሻውን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።